«ፉል ፍሬም ግዛ» ባዮች ሂሳቡን ይክፈሉ

አንድ ወጣት ጋዜጠኛ «ሰፊ ሌንስ ልገዛ ነው፣ የትኛው ይሻለኛል?» ብሎ ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ የሚመለስለት የሌንስ ስም አይደለም። «ያንን ካሜራ ሽጠውና ፉል ፍሬም ግዛ» ይባላል። ውሃ ጠማኝ ላለ ሰው ጉድጓድ አስቆፍር እንደማለት ነው። ልጁ በእጁ ያለው ካኖን 600ዲ ወይም 700ዲ ነው። ካሜራው ይሠራል፣ የተገዛበት ብድር ተከፍሎ አልቋል፣ የሚያነሳው ፎቶ ለጋዜጣም ለድረ ገጽም ከበቂ በላይ ነው። የጎደለው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ ጠባብ ቤት ውስጥ ገብቶ ቤቱንም ሰውየውንም አንድ ላይ የሚያሳይ ሌንስ።

መካሪው ደግሞ ማን ነው? ወይ የሠርግ ሥራ በደንብ የያዘ፣ ወይ ዱባይ የሚመላለስ ዘመድ ያለው፣ ወይ ደግሞ ካሜራ በነፃ የሚላክላቸውን የውጭ ዩቲዩበሮች ሲያይ ያመሸ። ምክሩ የሚከፈለው ግን በፍሪላንሰሩ ኪስ ነው፤ በጽሑፍ ተቆጥሮ፣ ያውም ዘግይቶ በሚከፈለው።

ነገሩ ኪስን ብቻ የሚመለከት ቢሆን ባልከፋ። ምክሩ በቴክኒክም የተጣመመ ነው።

ፉል ፍሬም የሚባለው ሴንሰር 36 በ24 ሚሊ ሜትር ነው፤ የድሮው የፊልም መጠን ማለት ነው። የካኖን ክሮፕ ሴንሰር ግን 22.3 በ14.9 ገደማ ነው። ሌንሱ የሚያመጣው ምስል አይለወጥም፤ ትንሹ ሴንሰር ከእንጀራው መሃሉን ብቻ ቆርሶ ይወስዳል፣ ዳር ዳሩ ይቀራል። ስለዚህ በካኖን ክሮፕ ካሜራ ላይ የሌንሱ ቁጥር በ1.6 ይባዛል፤ በኒኮን፣ በሶኒና በፉጂ ክሮፕ ካሜራዎች በ1.5። ከካሜራው ጋር አብሮ የሚመጣው 18-55 ሰፊው ጫፉ ላይ 29 ሚሊ ሜትር ሆኖ ያያል። ሰፊ ነው ለማለት ይቻላል፣ ግን ለጥቂት።

አሁን ከምክሮቹ ሁሉ የከፋውን እንይ። «ሌንስ ከገዛህ አይቀር የባለሙያውን 16-35 ግዛ፣ ነገ ፉል ፍሬም ስትገዛ ይሆንሃል» ይላሉ። ክሮፕ ካሜራ ላይ 16 ሚሊ ሜትር ማለት ወደ 26 ገደማ ነው። ልጁ በእጁ ካለው 18-55 ጋር ያለው ልዩነት ሁለት ሚሊ ሜትር! ለዚህች ሁለት ሚሊ ሜትር የሚጠየቀው ዋጋ ስንት ነው? የካኖን 16-35 ኤፍ 2.8 ሦስተኛው ትውልድ እ.ኤ.አ. በ2016 ሲወጣ አሜሪካ ውስጥ 2,199 ዶላር ነበር። በአንፃሩ ካኖን ለክሮፕ ካሜራ ብሎ የሠራው 10-18 እ.ኤ.አ. በ2014 የወጣው በ299 ዶላር ነው። ካሜራው ላይ የሚገጥመው ቀለበቱ ሳይቀር ፕላስቲክ ነው፣ በእጅ ሲይዙት ቀሎ መጫወቻ ይመስላል። ግን 10 ሚሊ ሜትር በ1.6 ሲባዛ 16 ነው። ባለ 2,199ው በዚያው ካሜራ ላይ ፈጽሞ የማያየውን ባለ 299ኙ ያያል።

ይህን በብር አስሉት። ሐምሌ 2016 ዓ.ም. የውጭ ምንዛሪ በገበያ እንዲመራ ከመወሰኑ በፊት ዶላር በባንክ 57 ብር ገደማ ነበር፤ በሳምንታት ውስጥ 100 ብርን አለፈ። በ57 ሲሰላ 299 ዶላር 17 ሺህ ብር ነበር፣ በ100 ሲሰላ 30 ሺህ ይጠጋል። ትልቁ ሌንስ ግን ከ125 ሺህ ወደ 220 ሺህ ዘለለ፤ ቀረጡንና የአምጪውን ትርፍ ሳንቆጥር። ይህን ገንዘብ ከፍሪላንስ ሥራ አጠራቅሞ የሚያወጣ ሰው ካለ ምክር ሰጪ እሱ ይሁን።

«ኪት ሌንሱስ ምን ጎደለው? ትንሽ ወደኋላ መሄድ ነው እንጂ» የሚሉም አሉ። ወደኋላ ሂድ የሚል ሰው ሦስት በአራት በሆነ የኪራይ ቤት ውስጥ ፎቶ አንስቶ አያውቅም። ከኋላ ግድግዳ አለ፣ ከግድግዳው ሥር ፍራሽ አለ፣ ፍራሹ ላይ ሕፃን ተኝቷል። ሁለት ሜትር ላይ ያለን ነገር ሲያነሱ 18 ሚሊ ሜትር በካኖን ክሮፕ ካሜራ ላይ ሁለት ሜትር ተኩል ያህል ስፋት ያስገባል። በ10 ሚሊ ሜትር አራት ሜትር ተኩል ገደማ ይገባል። ይህ የቁጥር ጨዋታ አይደለም። በመጀመሪያው ፎቶ ላይ አንዲት እናትና ከኋላዋ ያለ ግድግዳ ይታያሉ። በሁለተኛው ላይ እናትየዋ፣ ምድጃው፣ የተደራረበው ጀሪካን፣ ጥግ ላይ ደብተር ይዛ የተቀመጠችው ልጅና የሚያፈሰው ጣሪያ አብረው ይታያሉ። የቤት ኪራይ ጉዳይ ነው ተብሎ የተጻፈውን ዘገባ የሚሸከመው የትኛው ነው?

በወረዳ ጽሕፈት ቤት ኮሪደር የተኮለኮለ ባለጉዳይ፣ ሚኒባስ ውስጥ ተጣቦ የተቀመጠ ተሳፋሪም እንደዚያው ነው። ላሊበላ የሄደ ያውቀዋል፤ ቤተ ጊዮርጊስ በራሱ ጉድጓድ ውስጥ ነው የቆመው፣ በግድግዳውና በቤተ ክርስቲያኑ መካከል ያለው ቦታ ጥቂት ሜትር ነው። ታች ወርዶ በ18 ሚሊ ሜትር ሙሉውን ላንሳ ያለ ሰው ወይ ጣሪያውን ወይ ደጁን ይመርጣል። ለዚህም ነው አብዛኛው ሰው ከላይ ሆኖ ያንኑ መስቀል አንስቶ የሚመለሰው።

የዜና ፎቶዎቻችን ማይክ የያዘ ሰው ፊትና የስብሰባ ጠረጴዛ ብቻ የሆኑት በሌንስ እጦት ብቻ ነው ማለት አይቻልም። ፈቃድ የሚከለክል አለ፣ የሚፈራ አለ፣ መስክ ለመውጣት የትራንስፖርት የማይሰጥ አለቃ አለ። ግን ቤት ውስጥ ሊያነሳበት የሚችል መሣሪያ የሌለው ሰው ቤት ውስጥ ባይገባ ምን ይገርማል?

ተቃውሞዎቹ ግን ሁሉም ከንቱ አይደሉም። ጠንካራው የብርሃን ጉዳይ ነው። 10-18 ሰፊው ጫፉ ላይ እንኳ የሚከፈተው እስከ ኤፍ 4.5 ነው። መብራት በጠፋበት ቤት፣ በሌሊት ማኅሌት፣ በጧፍ ብርሃን ይቸገራል። ውስጡ ያለው የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያ የቆመን ነገር ያድናል እንጂ የሚንቀሳቀስን ሰው ቀጥ አያደርግም። ሥራው ሌሊት ሌሊት የሆነ ሰው ያገለገለ ቶኪና 11-16 ኤፍ 2.8 ይፈልግ፤ ከኤፍ 4.5 ጋር ሲነጻጸር ሁለት እጥፍ ተኩል ያህል ብርሃን ያስገባል። ከበድ ይላል፣ ፀሐይ ወይም አምፖል ፊት ለፊት ሲመጣበት ነጠብጣብ ብርሃን ይረጫል፣ የእጅ መንቀጥቀጥ መከላከያም የለውም። እንደዚያም ሆኖ ዋጋው የፉል ፍሬም አካል አይጠጋም። ሲግማ 18-35 ኤፍ 1.8ን የሚያመጡም አሉ። ድንቅ ሌንስ ነው፤ ግን ያው 18 ነው።

«ስልኬ 0.5 አለው» ለሚለውም መልሱ አጭር ነው። ቀን ቀን፣ ደጅ ላይ፣ ይጠቀምበት። ያች ኢምንት ሴንሰር ጨለም ያለ ክፍል ስትገባ የምታመጣውን ግን አትሞ ይየው።

«ነገስ?» የሚለው ይቀራል። እውነት ነው፣ 10-18 በካኖን ፉል ፍሬም ዲኤስኤልአር ላይ አይገጥምም። በአዲሶቹ የካኖን ኢኦኤስ አር ካሜራዎች ላይ ግን በካኖን አዳፕተር ይሠራል፤ ካሜራው ራሱ መሃሉን ቆርጦ ይወስዳል። ያ ነገ እስኪመጣ ደግሞ ሌንሱ ዛሬ ሠርቶ ያበላል። ለማይታወቅ ነገ ብሎ ዛሬ በጠባብ ሌንስ መሥራት ምን የሚሉት ብልሃት ነው?

የፉል ፍሬም ናፍቆት ከምስሉ ይልቅ ከክብር ጋር የተያያዘ ይመስላል። መግለጫ በሚሰጥበት አዳራሽ ትልቅ ካሜራ ያንጠለጠለ ሰው ከፊት ይቀመጣል፣ ትንሽ የያዘው «አንተ ከየት ነህ?» ይባላል። ችግሩ ይሄ ከሆነ መፍትሔው 220 ሺህ ብር መክሰር አይደለም።

ሰፊ ሌንስ ንጹሕ ነው ማለት ግን አይደለም። የኮንዶሚኒየም ደላሎችን ማስታወቂያ ያየ ያውቃል፤ ስቱዲዮዋ ቤት የሠርግ አዳራሽ መስላ ትለጠፋለች። ሰልፍ መሃል ዝቅ ብሎ በ10 ሚሊ ሜትር ያነሳ ሰው ከፊት ባሉት ሃያ ሰዎች ፍሬሙን ሞልቶ «ሕዝቡ ጎርፍ ሆነ» ሊል ይችላል፤ በረጅም ሌንስ ከሩቅ ያነሳውም ሰዉን አጠጋግቶ ያንኑ ውሸት ይዋሻል። ፍሬሙ ዳር ላይ የቆመ ሰው ደግሞ ይለጠጣል፣ ጉንጩ ያብጣል። ስለዚህ ሰውን ወደ መሃል፣ ግድግዳውን ወደ ዳር ማድረግ፣ ካሜራውንም ቀጥ አድርጎ መያዝ ያስፈልጋል። ኤዲተሩ «በዛ አስመስለህ አንሳው» ካለ ግን ጥፋቱ የሌንሱ አይደለም።

ለመግዛት የወሰነ ሰው የካሜራውን ሞዴል አስቀድሞ ይወቅ። የኒኮን 10-20 ጥሩና ርካሽ ነው፤ ግን እንደ ዲ90 እና ዲ3100 ባሉ የቆዩ ካሜራዎች ላይ ፎከስ አያደርግም። የመጀመሪያው ቶኪና 11-16 ደግሞ የኒኮኑ ዓይነት በውስጡ ሞተር ስለሌለው በዲ3100 እና ዲ5100 ላይ ፎከሱን በእጅ ማዞር ግድ ይላል። ያገለገለ ከሆነ ሱቁ ውስጥ ጋዜጣ ግድግዳ ላይ አስለጥፎ፣ ፊት ለፊት ቆሞ፣ በ10 ሚሊ ሜትር ያንሳና አራቱን ጥግ አጉልቶ ይይ። አንዱ ጥግ ከሌሎቹ ተለይቶ ከደበዘዘ ሌንሱ አንድ ቀን ወድቋል ብሎ ይጠርጥር። ሻጩ «ሲለምድ ይስተካከላል» ካለው ሌንሱን እዚያው ባንኮኒው ላይ ትቶለት ይውጣ።