ስንጥቁን ማን ይፈልገው?

በኢንጂነሪንግ ተማሪዎች መካከል ስለ ድልድይ ወይም ስለ ማሽን ክርክር በተነሣ ቍጥር የሁላችንም ምላስ የሚሮጠው ወደ ሥራው አጀማመር ነው። ስንት ቶን ይሸከማል? ስንት ሜትር ይዘረጋል? ስንት ብር ይፈጃል? እንላለን። በ20 ወይም በ40 ዓመቱ ሆዱ ውስጥ ምን እንደሚያበቅል የሚጠይቅ ግን ጥቂት ነው። በበኩሌ ይህን የትምህርታችን ጕድለት ነው እላለሁ፤ መምህሮቻችን ቢቈጡኝም አንብበው ቢቈጡኝ ደስ ይለኛል።

በአሜሪካ አገር በኦሃዮ ወንዝ ላይ በ1928 ዓ.ም. (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቈጣጠር ናቸው) የተሠራ ሲልቨር ብሪጅ የሚባል ድልድይ ነበር። ዲሴምበር 15 ቀን 1967 ዓ.ም.፥ የገና በዓል ሲቃረብ፥ ሰው ከሥራ በሚመለስበት ሰዓት፥ መኪና እንደ ሞላበት ወንዙ ውስጥ ገባ። 46 ሰዎች ሞቱ። መርማሪዎቹ ብረቱን ከውሃ ለቃቅመው ሲያዩት ምክንያቱ አንዲት ስንጥቅ ሆና ተገኘች፤ ድልድዩን ከያዙት የብረት ዘንጎች በአንዱ ጫፍ፥ ካስማው በሚገባበት ቀዳዳ ውስጥ የነበረች፥ ጥልቀቷ 2.5 ሚሊሜትር ያህል ብቻ የሆነ ስንጥቅ! የሰንሰለቱ እያንዳንዱ ክፍል በሁለት ዘንግ ብቻ የተያዘ ስለ ነበረ፥ አንዱ ሲበጠስ ሌላው ብቻውን ሊችለው አልቻለም።

እንዲህ ያለውን ስንጥቅ ለማግኘት ሰው ማግኔትን መጠቀም ከጀመረ ቈይቷል። በ1868 ዓ.ም. እንግሊዛዊው ሳክስቢ የመድፍ አፈሙዝ ማግኔት ከተደረገ በኋላ ኮምፓስ በአጠገቡ ቢያሳልፉ መርፌዋ ጕድለት ባለበት ቦታ እንደምትናወጥ አሳይቷል። ቈይቶም አሜሪካዊው ዊልያም ሆክ ብረት በማግኔት ተይዞ ሲሞረድ ብናኙ በስንጥቁ ላይ እንደሚሰበሰብ አስተዋለ። ምክንያቱ ቀላል ነው። የማግኔቱ ኃይል በብረት ውስጥ ውሃ በቦይ እንደሚወርድ ይሄዳል፤ ስንጥቅ ሲያጋጥመው ግን መንገዱ ይቈረጥና ከፊሉ ከብረቱ በላይ ወደ አየር ይገነፍላል። ብናኙ የሚከማቸው እዚያ ነው። ዛሬ ይህን የገነፈለ ኃይል ጥቃቅን መለኪያዎች እየለኩ በመስታወት ላይ በቀለም ይሥሉታል፤ በነዳጅ ቧንቧ ውስጥ እየሄደ ግድግዳውን የሚመረምር መሣሪያም አለ።

የቀለሙ ሥዕል ግን ያታልላል። ስንጥቁ ከማግኔቱ ኃይል ጋር ጐን ለጐን ከተጋደመ ምንም አይታይም፤ ስለዚህ ብረቱን በሁለት አቅጣጫ መመርመር ግድ ነው። የብሎን ጥርስና የብየዳ ጠርዝም ስንጥቅ ሳይሆኑ ስንጥቅ መስለው ይወጣሉ። አሉሚኒየምና መዳብ ደግሞ ማግኔት ስለማይሆኑ በዚህ መንገድ ከነጭራሹ አይመረመሩም። እንግዲህ መሣሪያውን ገዝቶ አንባቢውን አለማስተማር፥ ማንበብ ለማይችል ሰው መነጽር እንደ መግዛት ነው።

አንድ ብልህ ጓደኛ፥ «ታዲያ በሲልቨር ብሪጅ ላይ ማግኔት ቢኖር ኖሮ 46ቱ ይድኑ ነበር?» ብሎ ይጠይቀኝ ይሆናል። አይድኑም ነበር። ስንጥቋ የነበረችው በመጋጠሚያው ውስጥ ተሸፍና ስለ ነበረ፥ መገጣጠሚያውን ሳይፈቱ ዐይንም ማግኔትም ሊደርስባት አይችልም ነበር። ክርክሬን የሚያፈርስ ይመስላል፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚበልጠው ማስረጃዬ ይኸው ነው። የንድፉ ሠራተኛ በ1920ዎቹ ወረቀቱን ሲሥል፥ ከ40 ዓመት በኋላ መሣሪያ ይዞ ለሚመጣው መርማሪ እጁን የሚያስገባበት ቦታ አልተወለትም። ንድፍና ምርመራ ሁለት ሙያ ናቸው ብለን የምንለያያቸው እኛ ነን እንጂ ብረቱ አይለያቸውም። በዚያው ወንዝ ላይ በሴንት ሜሪስ ከተማ የነበረው መንትያ ድልድይ ከአደጋው በኋላ ተዘግቶ በ1971 ዓ.ም. የፈረሰውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጤነኛ ይሁን በሽተኛ ማረጋገጥ የሚችል አልነበረም።

ማየት ብቻውን ደግሞ አይበቃም። በእንግሊዝ አገር ሃትፊልድ በተባለ ስፍራ ኦክቶበር 17 ቀን 2000 ዓ.ም. ሐዲድ ተሰባብሮ ባቡር ወጣና 4 ሰዎች ሞቱ። ሐዲዱ መሰነጣጠቁ ከአደጋው አስቀድሞ ይታወቅ ነበር፤ በጊዜው የለወጠው ግን የለም። መርማሪው «ይቁም» ሲል የሚያቆም አለቃ ከሌለ፥ ሥዕሉ በፋይል ውስጥ ተቀምጦ አቧራ ይጠጣል። ይህን የሚያስተምር የፊዚክስ መጽሐፍ አላየሁም።

እኔ የምጠይቀው ውድ ነገር አይደለም። ከእንግዲህ በንድፍ ትምህርት የምናቀርበው ሥዕል ሁሉ፥ እያንዳንዱ መጋጠሚያ በምን መንገድና በየስንት ጊዜው እንደሚመረመር የሚያሳይ አንድ ገጽ ይጨመርበት፤ ገጹ የሌለበት ሥዕል ማርክ ይቀነስበት። ሁለተኛም በዎርክሾፑ አንድ ከሰዓት በኋላ ለዚሁ ይሰጠን። የሚያስፈልገው አንድ የኤሌክትሪክ ማግኔት፥ አንድ ጣሳ የብረት ብናኝና ከጋራዥ የተጣለ የመኪና ባሌስትራ ነው። ማኅበራችን ይህንን ለፋኩልቲው በጽሑፍ እንዲያቀርብ አሳስባለሁ፤ ባሌስትራውን እኔ ተሸክሜ እመጣለሁ።