በረኛውን ማን ያስታውሰዋል?

በመተማ ዮሐንስም ሆነ በአዲስ አበባ፣ ልጆች ኳስ ሊጫወቱ ሲሰበሰቡ የሚፈጸም አንድ የተለመደ ነገር አለ። ሁለት ድንጋይ ተቀምጦ ጎሉ ከተለየ በኋላ ፈጣኖቹ አጥቂ ይሆናሉ፤ ጉልበተኞቹ ተከላካይ ይሆናሉ፤ በዕድሜ ትንሹ፣ ወይም ኳስ የማይሆንለት፣ ወይም ዘግይቶ የመጣው ግን «አንተ በረኛ ሁን!» ይባላል። ልጁም ቅር እያለው ይቆማል። ኳስ ካለፈችበት ይሰደባል፤ ካላለፈችበት ማንም ነገሬ አይለውም።

ይህ ልማድ ከልጅነት ጋራ ቢቀር ባልከፋ ነበር። ነገር ግን በመጀመሪያ ወደ ስታዲየሙ፣ ቀጥሎም ወደ መሥሪያ ቤቱ ይከተለናል። ስለዚህ ዛሬ ስለ በረኛ ጥቂት ቃል መናገር አስፈላጊ ሆኖ አግኝተነዋል።

ጥር 13 ቀን 1954 ዓ.ም. ኢትዮጵያ በአዲስ አበባ ስታዲየም ግብፅን 4 ለ 2 አሸንፋ ሦስተኛውን የአፍሪካ ዋንጫ ወሰደች። የዚያን ቀን ጎል ያገቡትን የግርማ ተክሌን፣ የሉቻኖና የኢታሎ ቫሳሎን፣ የመንግሥቱ ወርቁን ስም የኳስ ወዳጅ ሁሉ በቃሉ ያውቃል። ነገር ግን ከአንባቢዎቻችን መካከል በዚያ ቀን በሩ ላይ የቆመው ማን እንደ ነበረ የሚነግረን ስንቱ ነው? ጊላሚካኤል ተክለማርያም ይባላል። ግብፆች ሁለት ጊዜ መርተዋል፤ ሁለት ጊዜም አቻ ሆነናል። እርሱ ግን ሁለተኛው ጎል ከተቆጠረበት በኋላ በቀረው ጊዜና በተጨመረው 30 ደቂቃ ውስጥ ሦስተኛ አላስገባም። ሦስተኛው ገብቶ ቢሆን ኖሮ የኋለኞቹ ጎሎቻችን ምን ይጠቅሙ እንደ ነበር አንባቢ ራሱ ይፍረድ።

ከዚህ የቀረበም ምሳሌ አለን። በጳጉሜን 2004 ዓ.ም. ብሔራዊ ቡድናችን በሱዳን ሜዳ 5 ለ 3 ተሸንፎ ተመለሰ። ጥቅምት 4 ቀን 2005 ዓ.ም. በአዲስ አበባ በተደረገው የመልስ ጨዋታ አዳነ ግርማና ሳላዲን ሰይድ አንድ አንድ ጎል አግብተው 2 ለ 0 ረታን። ድምሩ 5 ለ 5 ሆነ፤ በሰው ሜዳ ብዙ ጎል ያገባ እንዲያልፍ በሚለው ደንብም ኢትዮጵያ ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ተመለሰች። ሕዝቡ በየመንገዱ ወጥቶ አግቢዎቹን አወደሰ፤ ይገባቸዋልም። ይሁን እንጂ ሒሳቡን እንመርምረው። በዚያ ቀን አንዲት ኳስ ብቻ ወደ እኛ ጎል ገብታ ቢሆን ኖሮ ድምሩ 6 ለ 5 ሆኖ አላፊዋ ሱዳን በሆነች ነበር። እንግዲህ ከገቡት ሁለት ጎሎች እኩል ያሳለፈን ያልገባው ጎል ነው። ያልገባ ጎል ግን ፎቶግራፍ አይነሣም፤ በሠሌዳም ላይ አይጻፍም።

የበረኛ ስሕተት ደግሞ የተገላቢጦሽ ነው። ጥር 13 ቀን 2005 ዓ.ም.፣ ዋንጫው ከተወሰደ ልክ በ51ኛው ዓመት፣ ቡድናችን በደቡብ አፍሪካ ከዛምቢያ ጋራ ተጋጠመ። በረኛው ጀማል ጣሰው ኳስ ለማዳን በሩን ትቶ ወደ ፊት ሲሮጥ ከተጋጣሚው አጥቂ ጋራ ተጋጨ። እርሱም ተጎድቶ በቃሬዛ ላይ ሳለ ቀይ ካርድ ታየው። የቀሩት ዐሥር ሰዎች ተጋድለው 1 ለ 1 ወጡ። ጥር 21 ቀን ደግሞ ከናይጄሪያ ጋራ ሲጫወቱ ተተኪው በረኛ ሲሳይ ባንጫ በጨዋታው ማብቂያ ላይ በቀይ ካርድ ወጣ። ሦስቱም የሚቀየሩ ሰዎች ተቀይረው ስለ ነበረ በረኛ ሆኖ የማያውቀው አዲስ ሕንጻ ጓንቱን አጥልቆ የፍጹም ቅጣት ምት ለመጠበቅ በሩ ላይ ቆመ። ጎሉ ገባበት፤ ነገር ግን «ይህ የእኔ ሥራ አይደለም» ሳይል በመቆሙ እናከብረዋለን። አጥቂ ዐሥር ጊዜ ስቶ አንድ ጊዜ ቢያገባ ጀግና ነው፤ በረኛ ዐሥር ጊዜ አድኖ አንድ ጊዜ ቢስት ግን የሚወራው ያችው አንዲቱ ናት።

ይህ የፍርድ ጉድለት የእኛ ብቻ እንዳይመስለን ከባሕር ማዶ አንድ ምሳሌ እናምጣ። በብርዱ አገር በስዊድን ሆኪ የሚባል በበረዶ ላይ የሚደረግ ጨዋታ አለ። ተጫዋቾቹ ስለት ያለው ጫማ አድርገው እየተንሸራተቱ፣ በቆልማማ ዱላ ከጎማ የተሠራች ጥቁር ክብ ነገር ይመታሉ። የበረኛው ተግባር ከእኛው በረኛ ተግባር አይለይም፤ ፍጥነቱ ግን የዐይን ጥቅሻ ያህል ነው። በዚህ ጨዋታ ስመ ጥር ከሆኑት በረኞች አንዱ ሄንሪክ ሉንድክቪስት ይባላል። ለእርሱ የምንጠቅሳቸው ዓመቶች የአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ሄንሪክ በ1982 ከመንታ ወንድሙ ከዮኤል ጋራ ተወለደ። በ2000 የአሜሪካ ትልልቅ ቡድኖች ወጣቶችን በተራ ሲመርጡ፣ ከፊት የሚጫወተው ዮኤል 68ኛ ሆኖ ሲመረጥ በረኛው ሄንሪክ 205ኛ ሆነ። እርሱም ተቀይሞ ሙያውን አልተወም። አምስት ዓመት በአገሩ ሲሠለጥን ቆይቶ በ2005 ወደ ኒውዮርክ ሄደ። በ2006 ለአገሩ የኦሊምፒክ ወርቅ አስገኘ፤ በ2012 የሊጉ ምርጥ በረኛ ተባለ፤ ለአንድ ቡድን 15 የውድድር ዘመን ቆሞ በ459 ጨዋታዎች አሸናፊ ሆነ። ከሁሉ የሚበልጠውን ዋንጫ ግን አላነሣም፤ በ2014 እስከ ፍጻሜው ደርሶ ቡድኑ ተሸነፈ። በ2021 በልብ ሕመም ምክንያት ጨዋታ ሲያቆም ዋንጫው የለም ብሎ የናቀው አልነበረም። ቡድኑ የለበሰውን 30 ቁጥር ሌላ እንዳይለብሰው በክብር ሰቀለው። ዋንጫ ሳይቈጥሩ የቆሙበትን ዓመትና ያዳኑትን መቍጠር እንደሚቻል ከዚህ እንማራለን።

በቋንቋችን በረኛ የሚለው ቃል ለኳስ ብቻ የተሰጠ አይደለም። በር የሚጠብቅ ሁሉ በረኛ ነው። አገርም በር አላት። ከጎንደር በአዘዞ በኩል ወደ ምዕራብ ቆላውን ወርዶ የሚሄድ መንገደኛ መጨረሻ ላይ የሚያገኛት መተማ ዮሐንስ ከእነዚህ በሮች አንዷ ናት። ከእርሷ ወዲያ በእግር የሚደረስባት ገላባት የሱዳን ናት። በ1880 ዓ.ም. ይህ የምዕራብ በር ሲሰበር ድርቡሾች ጎንደር ድረስ ገብተው አብያተ ክርስቲያናቱን አቃጠሉ። በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ አራተኛ በዚሁ በር ላይ ተዋግተው ወደቁ፤ ከተማዋም በስማቸው ትጠራለች። «ጅብ ከሄደ ውሻ ጮኸ» እንደሚባለው፣ በር ዋጋው የሚታወቀው ከተሰበረ በኋላ ነው።

ዛሬ በዚያ በር የሚቆመው ጋሻና ጦር የያዘ ሰው ብቻ አይደለም። ሰሊጡን የሚመዝነው የጉምሩክ ሠራተኛ፣ ትኵሳት የሚለካው የጤና ባለሙያ፣ ከብቱን የሚመረምረው የእንስሳት ሐኪም፣ ወረቀት የሚያየው የኢሚግሬሽን ሹም ሁሉ በረኞች ናቸው። አንድ ወጣት ትምህርቱን ጨርሶ ወደ መተማ ተመደብህ ሲባል «ምን አጠፋሁ?» ይላል። ሙቀቱ ይነገረዋል፤ ወባው ይነገረዋል፤ የሥራው ክብር ግን አይነገረውም። ባልገባው በሽታና ባላለፈው ኮንትሮባንድ ማንም አያጨበጭብለትም፤ አንድ ቀን ግን አንድ ነገር ቢያመልጠው የሁሉ ዐይን በእርሱ ላይ ነው። በትንሹ ልጅና በእርሱ መካከል ምን ልዩነት አለ?

ለዚህ ወጣት ከበረኛው የሚማራቸው ሁለት ነገሮች አሉት። አንደኛው፣ በጨዋታ መካከል ኳስን በእጅ የመያዝ ሥልጣን ያለው በረኛ ብቻ ነው፤ ነገር ግን ሥልጣኑ የሚሠራው በተሰመረለት ክልል ውስጥ ነው። ከመሥመሩ አልፎ እጁን የሚዘረጋ በረኛ ይቀጣል፤ በማኅተሙ ከሕግ ውጪ የሚጠቀም ሹምም እንደዚሁ። ሁለተኛው፣ በር መጠበቅ በር መዝጋት አይደለም። ጥሩ በረኛ ኳሱን ይዞ አይተኛም፤ ወዲያው ለወገኑ ያቀብላል። በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ብዙ ሺሕ ሰዎች በመተማ በኩል ነፍሳቸውን ይዘው ገብተዋል። ያን ጊዜ የደከመውን ተቀብሎ፣ የታመመውን ለይቶ ያስገባ ሠራተኛ በሩን በሚገባ ጠብቋል እንላለን። ምርቱ በደንቡ እንዲወጣ፣ እንግዳው በደንቡ እንዲገባ ማድረግ ከመከልከል የሚበልጥ ጥበብ ነው።

እንግዲህ የምንጠይቀው ብዙ አይደለም። መምህራን በትምህርት ቤት ሜዳ ላይ በረኝነትን ለደካማው ልጅ እንደ ቅጣት ከመስጠት ተቆጥበው፣ ዐይኑ ንቁ፣ ልቡ ደፋር የሆነውን መርጠው ያሠልጥኑት። ቅዱስ ጊዮርጊስን የመሰለ ታላቅ ክለባችን ለዓመታት በሩን ለዩጋንዳዊው ለሮበርት ኦዶንካራ ሰጥቶ ነበር። ሰውየው ሥራውን በሚገባ ሠርቷልና በእርሱ ላይ ቅሬታ የለንም፤ ቅሬታችን ገና በሁለት ድንጋይ መካከል ሳለ በናቅነው ልጃችን ምክንያት በራሳችን ላይ ነው። የመሥሪያ ቤት ኃላፊዎችም የሠራተኛን የዓመት ውጤት ሲሞሉ የሠራውን ብቻ ሳይሆን ያዳነውንም ይጠይቁ። በቆላው በር ዓመታት በታማኝነት የቆመውን ሠራተኛ በከተማ መልካም ወንበር ላይ ካለው በፊት ለዕድገት ያስቡት።

ለወጣቱ ሠራተኛም የምንለው አለን። ወደ መተማ ዮሐንስ ሲመድቡህ ከሜዳ ወጣሁ አትበል፤ በሩን ሰጥተውሃል። ጭብጨባው ወደ አንተ ባይደርስ እንኳ፣ ጎንደር ላይ በሰላም ያደረ ሕፃን ሁሉ የአንተ ውጤት ነው።