የድንች ዘር የሚያባዛው ገበሬ ሒሳብ

ሥራ ፈጣሪ ሲባል ብዙ ጊዜ የሚታሰበው በከተማ ሱቅ የሚከፍተው ወይም ወፍጮ የሚተክለው ሰው ነው። ይሁን እንጂ በሐረርጌ ደጋ ድንች ለዘር አባዝቶ ለአካባቢው ገበሬ የሚሸጠውም ከእነዚህ አያንስም። መሬቱን፣ ጉልበቱንና አንድ ሙሉ ወቅት አስይዞ ይነግዳልና።

ዛሬ የሐሮማያ ዩኒቨርሲቲ የሚባለው የቀድሞው የዓለማያ እርሻ ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ1950ዎቹ በኦክላሆማ ኮሌጅ እገዛ ሲመሠረት ማስተማር፣ ምርምርና ኤክስቴንሽን አብረው እንዲሄዱ ታስቦ ነበር። «ቡቡ» እና «ገቢሳ» የተባሉት የድንች ዝርያዎች ከዚሁ ተቋም ወጥተዋል። በ2000ዎቹ ዓ.ም. መጀመሪያ ላይም ሐሮማያን ጨምሮ አራት ዩኒቨርሲቲዎች ገበሬዎች በማኅበር ተደራጅተው በአካባቢያቸው ዘር እንዲነግዱ ማገዝ ጀምረዋል። ጅምሩ መልካም ነው። የሚቀረው የአባዢውን ሒሳብ አብሮት ቁጭ ብሎ መመርመር ነው።

ለአንድ ሄክታር ጤፍ 30 ኪሎ ግራም ያህል ዘር ሲበቃ፣ ለድንች ግን 20 ኩንታል ገደማ ያስፈልጋል። ይህን ያህል ጭነት ከሩቅ ማጓጓዝ ስለማያዋጣ ዘሩ እዚያው መንደር አጠገብ ቢባዛ ይመረጣል። ለአባዢው ይህ ጥሩ ገበያ ነው።

አደጋው ያለው ከቁፈራ በኋላ ነው። ድንቹ እስኪያጎነቁል ሁለት ሦስት ወር ይፈጃል። በጨለማ ከተከማቸ ጎንቁሉ ቀጥኖና ረዝሞ በጉዞ ላይ ይሰበራል። ስለዚህ ብርሃን በሚያስገባ መጋዘን በመደርደሪያ ላይ ይዘረጋል፤ ጎንቁሉም አጥሮ ይጠነክራል። ነገር ግን ብርሃን ያገኘው ድንች አረንጓዴ ይሆናል፤ ይመራል፣ ለጤናም አይበጅም። ዘር ገዢ ከጠፋ ወደ ምግብ ገበያ መመለሻ የለውም ማለት ነው። ቆፍሮ ወዲያው ለወጥ የሸጠው ጎረቤት ግን ገንዘቡን ቋጥሮ ቤቱ ገብቷል።

እንግዲህ ዩኒቨርሲቲ ሥራ ፈጠራን አበረታታለሁ ሲል ስለ ተከላና ስለ ኩትኮታ ብቻ ቢያሠለጥን ይህን ጭንቀት አያቀልም። የእርሻ ኢኮኖሚክስ ተማሪዎች ለመመረቂያ ጽሑፋቸው የአንድ ማኅበር አባላትን ደብተር ሁለት ሦስት ወቅት ቢከታተሉ፣ መጋዘኑ ስንት እንደ ፈጀ፣ ስንት ኩንታል እንደ በሰበሰ፣ ቃል ገብቶ የቀረው ገዢ ማን እንደሆነ ይታወቃል። ሞዴል ገበሬውን ብቻ ጎብኝቶ መመለስ ቀላል ነው፤ ሥራውን ጀምሮ የተወውን ፈልጎ መጠየቅ ግን የበለጠ ያስተምራል።

ሌላም የሚጠና ነገር አለ። በችግር ጊዜ በነፃ የሚታደል ዘር፣ የአካባቢው አባዢ ዘሩን በመደርደሪያ ዘርግቶ ገዢ በሚጠብቅበት ወር ከደረሰ ማን ከእርሱ ይገዛል? ዕደላው ከእርሱ ተገዝቶ ቢሆን ኖሮስ? ይህን በቁጥር አሳይቶ ከወረዳው ግብርና ጽሕፈት ቤት ጋር ከመኸር ተከላ በፊት መነጋገር የዩኒቨርሲቲው ድርሻ ሊሆን ይገባል።