ምጣድ መቀየርም ሶደቃ ነው

በረመዷን ከዐስር ሶላት በኋላ በመቐለ ቤቶች ምጣዱም ምድጃውም በአንድ ሰዓት ይሞቃል። የመብራት ታሪፉ ደግሞ ከመስከረም 2017 ዓ.ም. ወዲህ ደረጃ በደረጃ ጨምሯል።

ኢስራፍን የምናወግዘው አብዛኛውን ጊዜ በማዕድ ላይ ነው። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) ግን የውዱእ ውኃ እንኳ እንዳይባክን አስተምረዋል። በጦርነቱ ጊዜ መብራት የራቀን እኛ የኤሌክትሪክን ዋጋ እናውቃለን።

ይሁን እንጂ ኃይል የሚባክንበት ቤት ሁሉ አባካኝ አይደለም። ሙቀቱን በጎንና በታች የሚያፈስ አሮጌ ምጣድ ያላት እናት ያንኑ እንጀራ በበለጠ ሂሳብ ትጋግራለች። የአዲስ መግዣ ስለሌላት ድህነቷ በየወሩ ያስከፍላታል።

መፍትሔው ለመንግሥት አዲስ አይደለም። በ2000ዎቹ መጀመሪያ የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ ኃይል ኮርፖሬሽን አሮጌ አምፖል ተቀብሎ ኃይል ቆጣቢውን በነፃ ሰጥቷል፤ 60 ዋት ይፈጅ የነበረው ብርሃን በ15 ዋት ገደማ ተገኘ። የኤሌክትሪክ ምጣድ ግን ከ3 ሺህ ዋት በላይ ይስባል። እንግዲያው ለአምፖል የተደረገው ለምጣድም ይደረግ፤ አሮጌውን የሚያስረክብ ቤተሰብ ከአዲሱ ዋጋ ላይ ይቀነስለት።

እስከዚያው እኛም እጃችንን አናጣጥፍ። ጥቂት ቤተሰቦች ተዋጥተን የአንዲት ችግረኛ ጎረቤታችንን ምጣድ እንቀይር። የምንልክላት የኢፍጣር ሳህን ለአንድ ምሽት ነው፤ ደህና ምጣድ ግን ከዒድ በኋላም ወጪዋን ያቀልላታል።

አላህ ጾማችንንም ሶደቃችንንም ይቀበለን።