ነሐሴና ኅዳር

በፃግብጂም ሆነ በሌላው የዋግ ኽምራ ቆላ ዝናብ በነሐሴ አጋማሽ ከተቋረጠ ማሽላው ፍሬ ሳይዝ ይቀራል። ለዚህ ጥፋት ጥቂት ሳምንታት ይበቃሉ። የእርዳታ ውሳኔ ግን አብዛኛውን ጊዜ የኅዳርን የሰብል ግምገማ ይጠብቃል። እስከዚያ ገበሬው ምን እንደሚያደርግ ልብ በሉ፤ በሬውን በረከሰ ዋጋ ይሸጣል። ያለ በሬ ደግሞ የከርሞው ዝናብ ቢሰምርም አያርስም።

በ1977 ዓ.ም. ዓለም ኮረምን ያየው ስደተኛው መርገፍ ከጀመረ በኋላ ነበር። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዋግ ኽምራ በድርቅ ሲመታ፣ የአሜሪካ የምግብ እርዳታ እህል ተዘርፏል ተብሎ በመላ አገሪቱ ታግዶ ነበር፤ የቀጠለውም ከወራት በኋላ ነው። ሌባን መመርመር ተገቢ ነው፤ ማሽላው ግን ምርመራውን አልጠበቀም።

በእኔ አስተያየት እህሉ መላክ ያለበት ጎተራው ሲፈተሽ ሳይሆን ደመናው ሲጠፋ፣ በዚያው በነሐሴ ነው። ዝናቡ ኋላ ቢመለስና እህሉ ቢተርፍስ ትሉ ይሆናል። በገበሬው ጎተራ ይቀመጣል።