የጥርስ ሽቦ ዋጋ ከአሶሳ ሲሰላ

ጥርሳቸው ተደራርቦ ወይም ወደ ፊት ወጥቶ የበቀለባቸው ልጆች ቀደም ባለው ጊዜ ‹‹ገጣጣ›› የሚል ስም ከመሸከም በቀር ምንም መፍትሔ አልነበራቸውም። ሲስቁ በመዳፋቸው፣ ከፍ ሲሉም በነጠላቸው ጫፍ አፋቸውን ይሸፍናሉ። ክፍል ውስጥ መልሱን እያወቁት እጅ ማውጣትን ይሸሻሉ። ዛሬ ግን በአሶሳም ሆነ በባምባሲ የምትኖር እናት በተለምዶ ‹‹ሽቦ›› ወይም ‹‹ብሬስ›› ስለሚባለው የጥርስ ማቃኛ ሰምታለች። ጥያቄዋም አንድ ነው፤ ስንት ያስወጣል?

ክሊኒኩ ለዚህ ጥያቄ የሚሰጠው መልስ የወጪውን ከፊል ብቻ የሚገልጽ ነው። ለአዲስ አበባ እናት ያ መልስ ከእውነቱ ብዙም አይርቅም። ከዋና ከተማው ከ650 ኪሎ ሜትር በላይ ርቃ ለምትኖር የአሶሳ እናት ግን ዋናው ወጪ ከክሊኒኩ ደረሰኝ ውጭ ነው። ስለዚህ ዛሬ እርሳስና ወረቀት ይዘን አብረን እናስላ።

በቅድሚያ ሽቦው እንዴት እንደሚሠራ ማወቅ ያስፈልጋል፤ ወጪው የሚመነጨው ከአሠራሩ ነውና። በእያንዳንዱ ጥርስ ላይ ትንንሽ መያዣዎች ይለጠፉና ቀጭን ሽቦ ያያይዛቸዋል። ሽቦው ጥርሱን በዝግታ ይገፋዋል። ጥርሱ በሚገፋበት በኩል ያለው አጥንት እየሳሳ ቦታ ይለቃል፤ ጥርሱ በለቀቀው በኩል ደግሞ አዲስ አጥንት ይተካል። አጥንት አይቸኩልም። በመሆኑም ሕክምናው አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ዓመት ገደማ፣ አንዳንዴም ሦስት ዓመት ይወስዳል። ሐኪሙም ሽቦውን ለማጥበቅና ለመለወጥ በየአራት ወይም በየስድስት ሳምንቱ ልጁን ማየት ይፈልጋል። ይህን ሥራ የሚሠራው ጥርስ ለማቃናት ለብቻው የተማረ ሐኪም፣ ኦርቶዶንቲስት ነው። በሀገራችን የእነዚህ ሐኪሞች ቁጥር አነስተኛ ሲሆን አብዛኞቹም የሚሠሩት አዲስ አበባ ነው። እንግዲህ የአሶሳዋ እናት የምትከፍለው ለሽቦው ብቻ ሳይሆን ለመንገዱም ጭምር ነው።

እስቲ በአሶሳ ከተማ የምታስተምር፣ የአሥራ ሦስት ዓመት ሴት ልጅ ያላት አንዲት መምህርት እናስብ። የሚከተሉት ቁጥሮች ለስሌት እንዲያመቹ የተወሰዱ እንጂ የገበያ ዋጋ አይደሉም፤ እርስዎ በቦታቸው የጠየቁትን እውነተኛ ዋጋ ያስገቡ። ሐኪሙ ለሙሉው ሕክምና 80,000 ብር ጠየቀ እንበል። ሁለት ዓመት በየአምስት ሳምንቱ ሲመላለሱ ወደ 20 ጊዜ ይሆናል። እናትና ልጅ ደርሰው ሲመለሱ አራት ትኬት ይቆርጣሉ። ለአንዱ ትኬት 1,500 ብር ብንይዝ 6,000 ብር ነው። ለአልጋና ለምግብ 4,000 ብር ሲጨመርበት አንዱ ጉዞ 10,000 ብር ይፈጃል። ሃያው ጉዞ 200,000 ብር! ለተሰበረ መያዣና ላልታሰበ ነገር 8,000 ብር ብንጨምር ድምሩ 288,000 ብር ይሆናል። ለ24 ወር ሲካፈል በየወሩ 12,000 ብር ነው። መምህርቷ ይህን ከደመወዟ ጋር ታስተያየው።

ገንዘቡ ብቻም አይደለም። በአውቶቡስ በመንዲ፣ በጊምቢና በነቀምቴ አድርጎ አዲስ አበባ ደርሶ መመለስ ቢያንስ ሦስት የትምህርት ቀን ይበላል። ለሃያ ጉዞ ይህ 60 ቀን ነው። ልጅቱ ከክፍል ስትቀር እናቲቱም ከክፍል ትቀራለች፤ መምህርት ናትና የሷ መቅረት ደግሞ ለሌሎች ብዙ ልጆች ይተርፋል። ርቀቱን የደመርን እንደሆነም 26,000 ኪሎ ሜትር ነው፤ ዓለምን ከግማሽ በላይ እንደ መዞር ማለት ነው። በዚያ ላይ ከ2011 ዓ.ም. ወዲህ ባሉት ዓመታት የወለጋው መንገድ በጸጥታ ችግር ምክንያት በተለያየ ጊዜ ተቋርጦ ያውቃል። መንገድ ሲቋረጥ ቀጠሮ ያልፋል፤ አለዚያም በአውሮፕላን መሄድ ግድ ይሆንና በጀቱ ይናጋል።

ታዲያ ይቅር ማለታችን ነውን? አይደለም። ስሌቱን መለወጥ ይቻላል።

አንደኛው መንገድ ገና ሕክምናው ሳይጀመር ለሐኪሙ ‹‹የምንመጣው ከአሶሳ ነው፤ ቀጠሮው ሊራራቅ ይችላል ወይ?›› ብሎ መጠየቅ ነው። ዘመናዊዎቹ ሽቦዎች ለረጅም ጊዜ ስለሚሠሩ፣ የጥርሱ ሁኔታ ከፈቀደ፣ አንዳንድ ሐኪሞች በየስምንት ሳምንቱ ለማየት ይስማማሉ። ያን ጊዜ ሃያው ጉዞ ወደ 13 ይወርዳል። በአዲስ አበባ ማደሪያና ማዕድ የሚያጋራ ዘመድ ካለ ደግሞ የአንዱ ጉዞ ወጪ ከ10,000 ወደ 6,500 ብር ሊቀንስ ይችላል። (አክስት ዘንድ ባዶ እጅ አይኬድም፤ የአሶሳ ማንጎ በወቅቱ ጥሩ እጅ መንሻ ነው።) አሁን ጉዞው 84,500 ብር፣ ሕክምናው 80,000 ብር፣ መጠባበቂያው 8,000 ብር፣ በድምሩ 172,500 ብር ሆነ። ከሕክምናው በፊት አንድ ዓመት ቀድመን መቆጠብ ብንጀምር ክፍያው በ36 ወር ስለሚካፈል በወር ወደ 4,800 ብር ገደማ ይደርሳል። ከ12,000 ወደ 4,800 ብር የወረድነው የሐኪሙን ዋጋ ሳንነካ ነው። ይህም ቢሆን ቀላል ገንዘብ አይደለም፤ ነገር ግን ባልና ሚስት ተቀምጠው ሊመክሩበት የሚችል ቁጥር ነው።

ሁለቱ ተቀምጠው ይምከሩበት የምለው በምክንያት ነው። በብዙ ቤት የልጅ ጥርስ የእናት ጉዳይ ሆኖ ይቀራል፤ አባት የሚሰማው ገንዘቡ ሲጎድል ነው። ሌላም ልማድ አለ። ለሴት ልጅ ‹‹ነገ ታገባለች›› ተብሎ ሲታሰብላት፣ ታችኛው ጥርሱ ላንቃውን እየወጋው በደንብ ማኘክ ያቃተው ወንድሟ ዞር ብሎ የሚያየው የለም። ሽቦ የሚያስፈልገው ለማን ነው ቢሉ፣ መልሱ መልክ ሳይሆን ጤና ነው። የላይና የታች ጥርሱ ለማይገጥምለት፣ የፊት ጥርሶቹ እጅግ ወጥተው ቢወድቅ ለሚሰበሩበት፣ ክራንቻው ከአጥንት ውስጥ ለቀረበት፣ ጥርሱ ከመደራረቡ የተነሣ መፋቅ ለማይቻልበት ልጅ ቅድሚያ ይሰጣል። በሌላ በኩል ፍንጭት ያላት ልጅ በስልክ ያየችውን ፎቶግራፍ መስላ ለመታየት ‹‹አዘጉልኝ›› ስትል ነገሩን ረጋ ብሎ ማየት ይገባል። ፍንጭት በእኛ ሀገር የቁንጅና ምልክት ነው። ንክሻዋ ደኅና ከሆነ ገንዘቡ ለሌላ ጉዳይ ቢውል እመርጣለሁ።

በግማሽ መንገድ የሚቀር ሕክምና ካልተጀመረው የከፋ ነው። የማውቃት አንዲት የቢሮ ሠራተኛ ልጇን አዲስ አበባ ወስዳ ቅድሚያ ክፍያውን ከፍላ ሽቦውን አስገጠመችለት። ስንት ጊዜ መመላለስ እንዳለባት ግን ማንም ቁጭ አድርጎ አላስረዳትም፤ እሷም አልጠየቀችም። ከአምስት ወር በኋላ የመንገዱ ገንዘብ አለቀ። ሽቦው ስምንት ወር ያለ ተቆጣጣሪ በልጁ አፍ ውስጥ ቆየ። ከመያዣዎቹ ሁለቱ ተነቀሉ፣ ድዱ አበጠ፣ በመያዣዎቹ ዙሪያ ነጫጭ ነጠብጣብ ወጣ፤ ይህም ለጥርስ መበስበስ የመጀመሪያው ምልክት ነው። ልጁ ምግብ ሲቀርብ ፊቱን ያዞር ጀመር። በመጨረሻ ሽቦው እንዲወልቅለት እንደገና ተከፈለ፤ ጥርሱም ወደ ቀድሞ ቦታው ተመለሰ። እናትየዋ ዛሬም ስለዚያ ገንዘብ ሲነሳ ወሬ ትለውጣለች።

ስለዚህ ቅድሚያ ክፍያ ከመከፈሉ በፊት የሚጠየቀውን ጥያቄ በወረቀት ጽፎ መሄድ ይበጃል። የተጠራው ዋጋ ራጁንና የጥርሱን ልክ መውሰድን ያጠቃልላል ወይ? በየቀጠሮው የሚከፈል አለ ወይ? መያዣ ቢሰበር ማን ይከፍላል? ሕክምናው ከታሰበው ስድስት ወር ቢረዝምስ? ሽቦው ሲወልቅ የሚሰጠው ማቆያ በዋጋው ውስጥ አለ ወይ? መልሱ በጽሑፍ ይሰጥዎት። በተለይ የዋጋውን ነገር በጽሑፍ መያዝ የሚያስፈልገው ዕቃው ሁሉ ከውጭ የሚመጣ ስለሆነ ነው። ከሐምሌ 2016 ዓ.ም. በፊት 57 ብር ገደማ ይመነዘር የነበረው አንድ የአሜሪካ ዶላር፣ የምንዛሪው አሠራር ከተለወጠ በኋላ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆኗል። በውል ያልታሰረ ዋጋ በመካከል ቢጨምር የሚገርም አይሆንም። የሽቦውን ዓይነት በተመለከተ የብረቱ ረከስ ይላል፤ የጥርስ ቀለም ያለው ሴራሚክ ይወደዳል፤ ሁለቱም ሥራቸውን ይሠራሉ። ከሩቅ ለሚመጣ ልጅ ጠንካራው ብረት ይሻላል ባይ ነኝ።

መድኅንስ? የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ለብዙ ቤተሰብ ትልቅ እፎይታ ቢሆንም፣ ሰው ሠራሽ ጥርስንና ለውበት ሲባል የሚደረግ ሕክምናን አይሸፍንም። ሽቦም አብዛኛውን ጊዜ ከዚሁ ወገን ስለሚቆጠር በመድኅን ተስፋ አድርጎ መነሣት አያዋጣም። መሥሪያ ቤትዎ ለሠራተኛው የሚሰጠው የሕክምና ድጋፍ ካለ መጠየቁ አይከፋም። ከዚህ ውጭ ያለን መላ የታወቀው ነው፤ ዕቁብና የቁጠባ ማኅበር። በዕቁብ የሚጠቀሙ ከሆነ ዕጣው ቅድሚያ ክፍያው በሚፈለግበት ወር እንዲደርስዎ ከዳኛው ጋር አስቀድመው ይነጋገሩ። የሚጀመርበትን ጊዜም ከክረምቱ የትምህርት ዕረፍት ጋር ማገጣጠም ጥሩ ነው። ምርመራው፣ ራጁ፣ መግጠሙና የመጀመሪያው ማስተካከያ በዚያ ዕረፍት ካለቀ ቢያንስ ሁለት ጉዞ ይተርፋል። የተቦረቦረ ጥርስ መሙላትና ማጽዳት ከሽቦው በፊት ማለቅ ያለበት ሥራ ስለሆነ፣ እዚያው በከተማዎ የሚሠራልዎት ከተገኘ አዲስ አበባ ድረስ ይዘውት አይሂዱ።

ልጆቻቸው ገና ትንንሽ የሆኑ እናቶች ደግሞ የበለጠ ዕድል አላቸው። ‹‹የወተት ጥርስ መውለቁ አይቀር፣ ቢበሰብስስ?›› የሚለው አነጋገር ብዙ ቤተሰብን ለሽቦ ዳርጓል። ሃያዎቹ የወተት ጥርሶች ለቋሚዎቹ ቦታ ጠባቂዎች ናቸው። የኋላኞቹ የወተት መንጋጋዎች እስከ አሥርና አሥራ ሁለት ዓመት ድረስ መቆየት አለባቸው። በስድስት ዓመት ላይ ከበስተኋላቸው የሚበቅለው ቋሚ መንጋጋ፣ ከፊቱ ያለው ጥርስ በስብሶ ቀድሞ ከተነቀለ፣ ወደ ፊት ተንሸራቶ የሌላውን ቦታ ይይዛል። መደራረብ ከሚመጣባቸው መንገዶች አንዱ ይህ ነው። ስኳር የበዛበት ሻይ እየተጠጣ ሳይፋቁ መተኛት፣ ጡጦ አፍ ውስጥ እያለ ማስተኛት፣ ከአራት ዓመት በኋላም ጣት መጥባት፣ እነዚህ ሁሉ ነገ በገንዘብ ይከፈልባቸዋል። ጥርሱ ቀድሞ ከወለቀም ሐኪም የሚገጥመው ትንሽ ቦታ ጠባቂ አለ፤ ዋጋው ከሽቦ ጋር አይወዳደርም።

ከሁሉ የሚያሳዝነው ተቅማጥ ወይም ትኩሳት የያዘውን ሕፃን ድድ በስለት ፈልቅቆ የወተት ክራንቻውን ማውጣት ነው። ጥርስ ሲያወጡ ማተኮስም ሆነ ማስቀመጥ የተለመደ ቢመስልም በሽታው ከጥርሱ አይመጣም። ድዱ ሲፈለቀቅ ከሥሩ ያለው የቋሚ ጥርስ ጽንስ ይጎዳል፤ ሕፃኑም በመድማትና በቁስል መመረዝ ሊሞት ይችላል። ከሞት የተረፈው ልጅም በአሥራ ሁለት ዓመቱ ክራንቻው ጠሞ ሊበቅል ወይም ጨርሶ ሳይበቅል ሊቀር ይችላል። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግም የወተት ጥርስ መንቀልን ከእንጥል መቁረጥ ጋር በሕፃናት ላይ ከሚፈጸሙ ጎጂ ልማዳዊ ድርጊቶች አንዱ አድርጎ ጠቅሶታል።

ልጁ ሽቦ ካሠረ በኋላ ያለው የቤት ሥራ የእናትም የልጁም ነው። ቆሎ፣ ሸንኮራ አገዳ፣ ማስቲካ ለጊዜው ይቆዩ። በቆሎ እሸት ከቆረቆንዳው ተፈልፍሎ፣ ማንጎም ተቆርጦ ይበላ እንጂ ፍሬው አይጋጥ። መፋቂያ ብቻውን በመያዣዎቹ መካከል ስለማይደርስ ለስላሳ ብሩሽና ፍሎራይድ ያለበት ሳሙና ያስፈልጋል። አንድ የተነቀለ መያዣ ማለት ለአሶሳ ሰው አንድ ተጨማሪ ጉዞ ማለት ነው።

ሽቦው ሲወልቅም ወጪው አላለቀም። ጥርስ ወደ ነበረበት መመለስ ስለሚወድ ማቆያው መጀመሪያ ሌትና ቀን፣ ኋላም ማታ ማታ ለዓመታት ይደረጋል። ሙቅ ውኃ ቅርጹን ስለሚያጠፋው በቀዝቃዛ ውኃ ብቻ ይታጠባል፤ የሚቀመጠውም በሳጥኑ ነው፤ በሶፍት ተጠቅልሎ ጠረጴዛ ላይ የቀረ ማቆያ ከቆሻሻ ጋር ተጠርጎ ይሄዳል። የራጁን፣ የጥርሱን ልክና የሕክምናውን ማስታወሻ ቅጂ ከሐኪሙ ጠይቀው ቤትዎ ያስቀምጡ። ሐኪሙ ቦታ ቢለውጥ ወይም እርስዎ ወደ ሌላ ከተማ ቢዛወሩ ቀጣዩ ሐኪም ሥራውን ከዚያ ይጀምራል፤ ለሁለተኛ ራጅም አይከፍሉም።