ጥሩ ስሊፒንግ ባግ ለብቻ አይገዛም

ዕድራችን ድንኳን አለው፣ አግዳሚ ወንበር አለው፣ ብረት ድስት አለው። መካኒሳ አቦ አካባቢ የሚኖር ሰው ለሐዘን ቀን ብሎ የራሱን ድንኳን ሲገዛ አይቼ አላውቅም። ካምፒንግ ሲመጣ ግን ሁላችንም ለየብቻችን መርካቶ እንወርድና በዓመት ሦስት ሌሊት ለምንተኛበት ነገር ገንዘባችንን እንበትናለን።

ይሄን የምለው ሰሞኑን ብዙ ሰው ስለጠየቀኝ ነው። ፊዚክስ ከማስተማሬ ሌላ የትምህርት ቤታችንን የተፈጥሮ ክበብ የማስተባብረው እኔ ነኝ። ኅዳር ሲገባ ልጆቹ «ቲቸር ወንጪ እንሂድ፣ ቲቸር ሰሜን ተራሮች እንሂድ» ይላሉ፤ ወላጆች ደግሞ ደውለው «የቱን ስሊፒንግ ባግ እንግዛለት?» ይሉኛል። መልሱ በስልክ ስለማያልቅ እዚህ ልጻፈው።

መጀመሪያ ብርዱን እንወቀው። አዲስ አበባ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ከዚያ በላይ በወጣን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ ሙቀቱ በ6 ዲግሪ ገደማ ይወርዳል። የወንጪን ሐይቅ የከበበው ተራራ ከ3,000 ሜትር ያልፋል። ሰሜን ተራሮች ላይ ሳንቃበር 3,250፣ ግጭና ጨነቅ 3,600 ሜትር ገደማ ናቸው። ባሌ ሳነቴ ላይ 4,000 ሜትር እንደርሳለን። ደግሞ እኛ የምንወጣው ዝናቡ ካቆመ በኋላ፣ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ጊዜ ነው። ያኔ ሰማዩ ጥርት ስለሚል ሌሊት መሬቱ የቀኑን ሙቀት ወደ ላይ ይለቀዋል፤ ጠዋት ሣሩ ላይ ውርጭ ታያላችሁ። ቀን በቲሸርት የዋለ ልጅ ሌሊት ዜሮ ወይም ከዜሮ በታች ያድራል።

አሁን ወደ ሱቁ እንግባ። ሻጩ «ማይነስ 15 ነው ወንድሜ» ይላችኋል። ውሸቱን ላይሆን ይችላል፣ ባጉ ላይ ተጽፏል። ጥያቄው የትኛው ማይነስ 15 ነው የሚለው ነው። አይ ኤስ ኦ 23537 በሚባለው መለኪያ የተፈተነ ባግ ኮምፈርት፣ ሊሚትና ኤክስትሪም የሚሉ የተለያዩ ቁጥሮች አሉት። ኮምፈርት ተዝናንቶ የሚተኛበት ነው። ሊሚት ኩርምት ብሎ የሚታደርበት ነው። ኤክስትሪም ግን እንቅልፍ የለውም፤ ለስድስት ሰዓት ያህል በሕይወት የሚቆዩበት ነው፣ ያውም ብርዱ እየጎዳ። በትልቁ የሚጻፈው ብዙ ጊዜ ይሄ የመጨረሻው ነው። ለሰሜንና ለባሌ ኮምፈርቱ ዜሮ ወይም ማይነስ 5 የሆነ ፈልጉ። አንድ ቁጥር ብቻ ተጽፎ ምን እንደሆነ ካልተነገረ እኔ እንደ ኤክስትሪም ነው የምቆጥረው።

ነገሩ የምቾት ብቻ ቢሆን ይሄን ያህል አልጽፍም ነበር። ሌላ ትምህርት ቤት የሚያስተምር ጓደኛዬ ወንጪ ተማሪዎች ይዞ ወጥቶ፣ እኩለ ሌሊት ላይ ሁለት ልጆች የቡና ማንደጃውን ከነፍሙ ወደ ድንኳን ሊያስገቡ ሲሉ ደረሰባቸው። ሁለቱም አዲስ ባለ «ማይነስ 15» ባግ ነበራቸው። የከሰል ጭስ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ስንት ሰው እንደጨረሰ ከእኛ በላይ የሚያውቅ የለም። ብርድ ያንገበገበው ልጅ ግን ይሄን አያስብም። መጥፎ ባግ ማለት ይሄ ነው፤ ሰውን ወደ ከሰል ይገፋል።

ዳውን የሚባለው የዳክዬና የዝይ ደረት ላይ ያለው ለስላሳ ላባ ነው፤ ዘንግ የለውም፣ እንደ ጥጥ ፍሬ ይነፋል። የሚያሞቀን ላባው ሳይሆን በመሀሉ የሚይዘው አየር ነው፤ ምድጃው ራሳችን ነን። (ለዚህ ነው ልጆቹን ሳይተኙ በፊት በሶ የማጠጣቸው።) ስለዚህ ባግ ስትገዙ ውፍረቱን እዩ። አራግፋችሁ ዘርጉትና አሥር፣ አሥራ አምስት ደቂቃ ተዉት። ካልተነፋ የታመቀ አየር የለውም ማለት ነው፣ ስሙ ምንም ይሁን። በእጃችሁ ጭመቁትና ልቀቁት፤ ቀስ ብሎ ካልተመለሰ ወይም እንደ ሊጥ የተጓጎለ ነገር ከነካችሁ ተዉት። የሚወጋ ዘንግ ከበዛበት ተራ ላባ ነው። ወደ ብርሃን አቅኑት፤ ባዶ ቦታ ካሳየ ሌሊት ብርዱ የሚገባው በዚያ ነው። አሽትቱት፣ ሻጋታ ይታወቃል። ዚፑን ከላይ እስከ ታች ዝጉ፤ ከዚፑ ጀርባ ወፈር ያለ ጥቅልል ከሌለ ጥርሱ መሀል ነፋስ ይገባል።

ፊል ፓወር የሚባል ቁጥር አለ፣ 550፣ 650፣ 800 እያለ ይሄዳል። ከፍ ሲል ያው ሙቀት በትንሽ ክብደት ተገኘ ማለት ነው። ፈረንጅ 800 የሚገዛው ሳምንት ሙሉ በጀርባው ስለሚሸከመው ነው። ሰሜን ላይ የኛን ዕቃ የሚሸከመው በቅሎ ነው፣ ወንጪ ደግሞ ሚኒባስ። በቅሎዋ ግማሽ ኪሎ ቢቀንስላት አታመሰግነንም። 550 ወይም 600 ይበቃናል፣ የዋጋው ልዩነት ትልቅ ነው።

አዲስ ዳውን ዋጋ ጠይቄ ከወር ደመወዜ በላይ ተጠርቶልኛል። የሳልቫጅ ቦንዳ ውስጥ ግን አንዳንዴ ይገኛል፤ ከሳር ቤት እስከ አሮጌው ኤርፖርት ደግሞ ከአገር የሚወጡ ፈረንጆች ዕቃቸውን ይሸጣሉ። በደንብ የተያዘ ዳውን ብዙ ዓመት ስለሚያገለግል ያገለገለ መግዛት አያሳፍርም። ጠላቱ ውኃ ነው፤ ከረጠበ ሙቀቱ ይጠፋል። በክረምት ለሚወጣ ሰው ሰው ሠራሹ ፋይበር ይሻለዋል።

እኔ የማምነው እንዲህ ነው። ክበባችን ሠላሳ ልጅ አለው። «ሁሉም አንድ ቀን ነው የሚሄደው» ትሉኝ ይሆናል፤ ግን ሠላሳ ልጅ ይዞ ጨነቅ የሚወጣ አስተማሪ ካለ እሱን ራሱን ማየት እፈልጋለሁ። የምንወጣው ስምንት ስምንት ሆነን ነው። ስለዚህ ስምንት ጥሩ ባግ ይበቃናል። አንድ ቤተሰብ የሚያዋጣው የአንድ ባግ ሩብ ገደማ ብቻ ይሆናል። ለብቻው ርካሹን ከሚገዛው ወላጅ የምናንስበት ምክንያት የለም።

ንጽሕናው ቀላል ነው፤ እያንዳንዱ ልጅ አንሶላ ወይም አሮጌ ነጠላ እንደ ከረጢት ሰፍቶ ያመጣል፣ እሱ ውስጥ ገብቶ ነው ባጉ ውስጥ የሚተኛው። የቀደደ ያሰፋል፣ እንደ ዕድሩ ሳህን። ከጉዞ መልስ ባጉ ሁለት ቀን ይናፈስና በትልቅ የጨርቅ ከረጢት ላላ ብሎ ይቀመጣል፤ በትንሿ ከረጢቱ ታጭቆ ከከረመ አይነፋም።

አንድ ነገር ግን ከባጉ በፊት ግዙ። ስንተኛ ከሥራችን ያለው ላባ ስለሚጨፈለቅ አየር አይይዝም፤ መሬቱ ሙቀታችንን ይጠጣል። ወፍራም ስፖንጅ ወይም አጎዛ ያስፈልጋል። አያቶቻችን ቁርበትና አጎዛ ላይ የተኙት ለጌጥ አልነበረም፤ ዛሬ የበዓል ማግስት የበግ ቆዳ ሰብሳቢ አጥቶ መንገድ ዳር ይጣላል፣ እኛ ደግሞ የፕላስቲክ ምንጣፍ እንፈልጋለን። ጋቢም ቢሆን ከላይ ጭናችሁ ላባውን አትጨፍልቁት፣ ከሥር አንጥፉት።

እስካሁን ሦስት ባግ አግኝተናል፣ አምስት ይቀራል። የሚሸጥ ያያችሁ ካላችሁ በኢንቦክስ ጻፉልኝ፤ ርዝመቱን ግን ለክታችሁ ንገሩኝ፣ ከልጆቹ አንዱ 1 ሜትር ከ90 ነው።